«ከጎንደር የተላከ ፔፐር ማን ያነበዋል?»

ሰላም አንባቢዎቻችን። ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ የመጡት ከጎንደር ነው። ጉዳያቸውም ተቀራራቢ ነው፤ በፕሮሰሰር ዲዛይን ላይ ጥናት ሠርቶ ለዓለም አቀፍ ኮንፈረንስ እንዴት ይገባል? እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከአንድ ከተማ ተከታትሎ ሲመጣ በጣም ደስ ይላል፤ ስለዚህ ገጹን ሙሉ ለሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ረጃጅም ደብዳቤዎችን አሳጥረናል። መልሱ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጎንደር ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ጥናቴ ካሽ ሚሞሪ (ፕሮሰሰሩ ቶሎ ቶሎ የሚፈልገውን ዳታ አጠገቡ የሚያኖርበት ትንሽ ፈጣን ማከማቻ) ሲሞላ የትኛው ዳታ ይውጣ የሚለውን የሚወስን ዘዴ ላይ ነው። ከኤልአርዩ ጋር ሳወዳድረው ጥሩ የፍጥነት ጭማሪ አግኝቻለሁ። ኢስካ ለሚባለው ኮንፈረንስ ላስገባው አስቤ ጓደኞቼን ባማክራቸው «ከጎንደር የተላከ ፔፐር ማን ያነበዋል? የዩኒቨርሲቲውን ስም አይተው ነው የሚጥሉት» አሉኝ። እውነት ነው? ልተወው? — ከማራኪ

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም እንዳትተዪው። ጓደኞችሽ ያሉሽ ትክክል አይደለም። ኢስካ ከ1973 ጀምሮ ሲካሄድ የቆየ፣ በዘርፉ ትልቅ ከሚባሉት ኮንፈረንሶች ግንባር ቀደሙ ነው። እሱም ሆነ ማይክሮና ኤችፒሲኤ የተባሉት የዘርፉ ኮንፈረንሶች የሚገመግሙት ስም ተደብቆ ነው። አንቺ ገምጋሚሽን አታውቂውም፤ እሱም አንቺን አያውቅሽም። ፒዲኤፉ ላይ ጎንደር የሚል ቃል የለም፤ የታላላቆቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስምም የለም።

ታዲያ ስሙን በደንብ የመደበቁ ሥራ የአንቺ ነው። የምስጋናውን ክፍል አውጪው። «ባለፈው ሥራችን እንዳሳየነው» አትበዪ፤ የራስሽን የቀድሞ ጽሑፍ ልክ እንደ ሌላ ሰው ሥራ ጥቀሺው። የጊትሃብ ሊንክ ካስገባሽ ስምሽ የሌለበት ይሁን። የፒዲኤፉ ፋይል ራሱ የጸሐፊ ስም ይዞ ሊቀር ይችላልና እሱንም እዪው። ስታስገቢ ደግሞ አማካሪሽን፣ የተቋምሽን ሰዎችና አብረውሽ የጻፉትን እንደ ጥቅም ግጭት መዝግቢ፤ ብዙ ሰው ይህንን እንደ ተራ ፎርም ቆጥሮ ያልፈዋል፣ ነገር ግን የተሳሳተ ዝርዝር ፔፐሩን ሳይነበብ ሊያስጥለው ይችላል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። «ከኤልአርዩ ጋር ሳወዳድረው» ያልሽው።

ኤልአርዩ፣ ማለትም ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ ያልተነካውን አስወጣ የሚለው ዘዴ፣ የጥንት ነው። በ2010 እዚያው ኢስካ ላይ አርሪፕ የሚባለው ቀረበ። በ2011 ሺፕ መጣ። በ2016 ሃውክአይ፣ በ2022 ደግሞ ሞኪንግጄይ ተከተሉ። ሁሉም ከኤልአርዩ በተሻለ ይሠራሉ። አንድ ሯጭ የሰፈሩን ልጆች ቀድሜያለሁ ብሎ ለኦሎምፒክ ማመልከት እንደማይችል ሁሉ፣ ኤልአርዩን ብቻ ያሸነፈ ፔፐርም ኢስካ ላይ አያልፍም። ይህ ከጎንደርም ከስታንፎርድም ለተላከ እኩል ይሠራል። ገምጋሚው መግቢያውን አንብቦ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ግራፎቹ ነው፤ እዚያ ጠንካሮቹን ተወዳዳሪዎች ካላየ ሐሳብሽ ምንም ያህል ቢያምር ልቡ ይቀዘቅዛል።

ደግነቱ ይህንን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግሽም። ቻምፕሲም የሚባለው ሲሙሌተር (ፕሮሰሰርን በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም) በነጻ ይገኛል፤ ሺፕና ከአርሪፕ ቤተሰብ ያሉት ዘዴዎች ተጽፈው አብረውት ይመጣሉ። ስፔክ ሲፒዩ የተባሉት የታወቁ መለኪያ ፕሮግራሞች ፈቃዳቸው ይገዛል፤ ሆኖም ለቀደሙ የካሽና የፕሪፌቸር (ዳታን ሳይጠየቅ አስቀድሞ የሚያመጣ ዘዴ) ውድድሮች ከእነሱ የተቀዱ ትሬሶች፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲሄድ የፈጸማቸው ኢንስትራክሽኖች መዝገብ፣ በነጻ ተለቅቀዋል። ፋይሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ኔትወርኩ ቀለል በሚልበት ሌሊት አውርጃቸው። ቻምፕሲም የራሱ ገደብ አለው። የሚሄደው በተቀዳ ትሬስ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ በተሳሳተ ግምት ሄዶ የሚመለስበትን መንገድ አያሳይም። ይህንን ፔፐርሽ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር በግልጽ ጻፊው። ገምጋሚው ያውቀዋል፤ አንቺም እንደምታውቂው ማየት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር የሃርድዌር ወጪ ነው። ዘዴሽ ስንት ቢት ይፈጃል? ቁጭ ብለሽ አስቢው። 2 ሜጋባይት ካሽ፣ እያንዳንዱ መስመር (ካሹ ዳታ የሚይዝበት ቁራጭ) 64 ባይት ሲሆን፣ 32,768 መስመር ይኖረዋል። ባለ 16 ዌይ ከሆነ፣ ማለትም አንድ ዳታ ሊቀመጥ የሚችልባቸው 16 ቦታዎች ካሉ፣ ትክክለኛ ኤልአርዩ በመስመር 4 ቢት ይፈልጋል፤ ድምሩ 16 ኪሎባይት ነው። ባለ 2 ቢቱ አርሪፕ ግን 8 ኪሎባይት ይበቃዋል። ማለትም የተሻለው ዘዴ ወጪውም ያነሰ ነው! የአንቺ ዘዴ ለምሳሌ 60 ኪሎባይት የሚበላ ከሆነ «ለተወዳዳሪው ያንኑ 60 ኪሎባይት ብትሰጪው፣ ወይም ካሹን ራሱን በዚያ ብታሰፊው ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ሳትጠየቂ ሠርተሽ አስገቢው።

ከላይ ጣሪያውንም አሳዪ። ቤላዲ በ1966 እንዳቀረበው፣ የወደፊቱን ማወቅ ቢቻል ኖሮ ወደፊት በጣም ዘግይቶ የሚፈለገውን ዳታ ማስወጣት ከሁሉ የተሻለ ነው። በተግባር የማይቻል ነው፤ በተቀዳ ትሬስ ላይ ግን ይሰላል። ከኤልአርዩ እስከዚያ ጣሪያ ድረስ ካለው ርቀት ዘዴሽ ስንት እጁን ሸፈነ? እንዲህ ያለው ግራፍ ከብዙ ገጽ ማብራሪያ በላይ ይናገራል። አማካዩን ስትወስጂ ደግሞ የፍጥነት ጭማሪ ሬሾ ስለሆነ ጂኦሜትሪክ አማካይ ተጠቀሚ። ዘዴሽ የተሸነፈባቸውን ፕሮግራሞች አትደብቂ፤ ለምን እንደተሸነፈ አስረጂ። እኔ ስገመግም ብሆን በጣም የማምነው እንዲህ ዓይነቱን ፔፐር ነው።

ስለ መብራት መቆራረጥም ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ አንስተሻል። ሲሙሌሽን ቀርፋፋ ነው፤ ጄም5 የተባለው ዝርዝሩ ሲሙሌተር በሰከንድ ከ100 ሺህ እስከ 200 ሺህ ኢንስትራክሽን አካባቢ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ 1 ቢሊዮን ኢንስትራክሽን ወደ 2 ሰዓት ይወስዳል። አንድ ረጅም ሥራ አስነስተሽ ሌሊቱን ሙሉ መብራት እንዳይሄድ ከምትጸልዪ፣ ሥራውን በትሬስ በትሬስ ከፋፍለሽ እያንዳንዱ ሲያልቅ ውጤቱን ፋይል ላይ የሚያስቀምጥ፣ መብራት ሲመጣ ደግሞ ካላለቀው የሚቀጥል አጭር ስክሪፕት ጻፊ። ጄም5 ላይ ቼክፖይንት፣ ማለትም ሥራውን ከደረሰበት አስቀምጦ ከዚያው መቀጠያ፣ አለ፤ እሱን ልመጂ።

በመጨረሻ የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽ፣ አሁን በእጅሽ ያለውን በቀጥታ ለኢስካ አትላኪው። ንጽጽሩን ከላይ እንዳልኩሽ አስተካክለሽ ሐሳቡ ከቆመ፣ የአይ ትሪፕል ኢ ኮምፒውተር አርክቴክቸር ሌተርስ የሚባል ጆርናል አለ፤ 4 ገጽ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ አንድ ንጹሕ ሐሳብ ላላት ተማሪ በጣም ጥሩ በር ነው። ከዚያ አስፍቶ ለኮንፈረንስ ማቅረብ የተለመደ መንገድ ነው። አማካሪሽንም ከመጀመሪያው አስገቢያቸው።

ጥያቄ፦ በኢሜይል ግብዣ መጣልኝ። «ዓለም አቀፍ የፕሮሰሰር፣ የግብርናና የማኔጅመንት ኮንፈረንስ» ይላል። ፔፐሬን ላክሁ፣ በ3 ቀን «ተቀብለነዋል» አሉኝ፤ አሁን ክፍያ እየጠየቁኝ ነው። በውጤቱ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ግን ጓደኛዬ ተጠራጠረ። — ከአዘዞ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትክፈል። ጓደኛህ ልክ ነው።

በ3 ቀን ፔፐር በትክክል የሚገመገምበት ኮንፈረንስ የለም። ለኢስካ ኅዳር አካባቢ የገባ ፔፐር መልሱ የሚመጣው መጋቢት ላይ ነው፤ በመሃል ብዙ ገምጋሚዎች ያነቡታል፣ ይከራከሩበታል። ፕሮሰሰርንና ግብርናን አንድ ላይ የሚገመግም ኮሚቴም ሊኖር አይችልም። ደግሞም ትክክለኛ ኮንፈረንስ የማያውቅህን ሰው «የተከበሩ ፕሮፌሰር» እያለ በኢሜይል አይለምንም።

ለወደፊቱ እንዲህ አጣራ። ኮንፈረንሱን ኤሲኤም ወይም አይ ትሪፕል ኢ (የዘርፉ ትልልቅ የሙያ ማኅበራት) በራሱ ድረ ገጽ ላይ ዘርዝሮታል? ዓርማውን መለጠፍ ቀላል ነውና ከእነሱ ገጽ ተነስተህ ፈልግ። ዲቢኤልፒ በሚባለው የኮምፒውተር ሳይንስ መዝገብ ውስጥ ያለፉት ዓመታት ፔፐሮች አሉ? የኮሚቴውን አባላት ስም አንድ በአንድ ፈልግ፤ ሰዎቹ በየራሳቸው ገጽ ላይ የዚህ ኮሚቴ አባል ነን ይላሉ? የማያውቁት ኮሚቴ ውስጥ ስማቸው የተጻፈ ሰዎች ብዙ ናቸው። ትክክለኛ ኮንፈረንስም የምዝገባ ክፍያ አለው፤ ስለዚህ ክፍያ መኖሩ ብቻውን ምልክት አይደለም። ልዩነቱ ያለው ከክፍያው በፊት ፔፐርህን ያነበበ ሰው መኖሩ ላይ ነው። የግምገማ አስተያየቱን ላኩልኝ በላቸው። ስለ ጥናትህ ይዘት አንድም መስመር ካልጻፉ ነገሩ አለቀ።

ፔፐሩ የታተመ ካልሆነ አሁኑኑ በጽሑፍ አስወጣው፤ ሌላ ቦታ ልታስገባው ስትል እንዳያሰናክልህ።

ጥያቄ፦ በዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። ማስረከቢያው ሰዓት ሁሌ ያምታታናል። በተጨማሪ አንዱን ፔፐር ለሁለት ኮንፈረንስ በአንድ ጊዜ ማስገባት ይቻላል ወይ? ቢያልፍልን ደግሞ የጉዞው ወጪና ቪዛው ያስፈራል። — ከፒያሳ

መልስ፦ መምህር፣ የሰዓቱ ነገር ብዙ ሰው ያስለቀሰ ነው፤ አንዴ ከገባዎት ግን አያስቸግርም። ብዙ ኮንፈረንሶች ኤኦኢ የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ ትርጉሙ በምድር ላይ በየትኛውም ቦታ ያ ቀን እስኪያልቅ ማለት ነው። ከእኛ በ15 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ነው። ስለዚህ በፈረንጅ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ በፊት፣ 11:59 ኤኦኢ፣ ሲል በእኛ አቆጣጠር በማግስቱ ከቀኑ 8:59 ነው። የአሜሪካን ምሥራቅ የብርድ ወራት ሰዓት የሚጠቀሙም አሉ፤ ያኔ 11:59 ማለት በማግስቱ ከጠዋቱ 1:59 ይሆናል። ሁለቱን ካምታቱ 7 ሰዓት ነው የሚጠፋብዎት። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ቀይረው ከተማሪዎችዎ ጋር የሚያዩት ቦታ ላይ ይለጥፉት። አንድ ሌላ ነገር፣ ከፔፐሩ ማስረከቢያ አንድ ሳምንት አካባቢ ቀደም ብሎ የአብስትራክት ምዝገባ ብዙ ጊዜ አለ። ያ ካለፈዎት ዋናው ቀን አይጠቅምዎትም።

ለሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ ማስገባት አይቻልም። ክልክል ነው፤ ከታወቀ ከሁለቱም ይወጣል፣ የጸሐፊዎቹም ስም ይጎዳል። ይልቅ ወቅቱ እየተከታተለ እንዲመጣ ያቅዱ። ኢስካ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ላይ ይቀበላል፣ ማይክሮ ሚያዝያ አካባቢ፣ ኤችፒሲኤ ሐምሌ ማብቂያ ላይ። ትክክለኛውን ቀን በየዓመቱ ከጥሪው ላይ ይመልከቱ።

ጉዞውን በተመለከተ፣ ኮንፈረንሱ ሁልጊዜ አሜሪካ አይደለም። ኢስካ በ2024 ቡዌኖስ አይረስ፣ በ2025 ቶኪዮ ነበር። ፓስፖርት የሌለው ተማሪ ካለ ፔፐሩ ሲገባ ያውጣ፤ እስኪያልፍ አይጠብቅ። ማለፉ በታወቀ ቀን የግብዣ ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ለቪዛ ቀጠሮ አዲስ አበባ መሄድም አለና ጊዜው አጭር ነው። ለተማሪዎች የጉዞ ድጋፍ አለ፣ በማመልከቻ ነው፣ ራቅ ካለ አገር ለሚመጣ ተማሪ መጻፉ አያሳፍርም። ቪዛው ቢከለከል ፔፐሩ ይቀራል ብለው አይፍሩ፤ ለሰብሳቢዎቹ በጊዜ ሲጻፍ በሌላ መንገድ የሚቀርብበትን ዘዴ ይነግሩዎታል። ከጸሐፊዎቹ አንዱ መመዝገቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግዴታ ነው፤ የተማሪ ምዝገባ ይበቃ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፔፐራችን ተመለሰ። አንዱ ገምጋሚ ወዶታል፣ ሁለተኛው «አዲስነቱ ትንሽ ነው» ብሏል፣ ሦስተኛው በ4 ፕሮግራም ብቻ ነው የሞከራችሁት ብሎ ክፉኛ ጽፏል። ሞራላችን ወድቋል። ይግባኝ አለው? — ከአራዳ

መልስ፦ አይዟችሁ። በእነዚህ ኮንፈረንሶች ከሚገቡት ውስጥ የሚያልፉት ከ5 አንዱ አካባቢ ናቸው። ትልቅ ስም ያላቸው ላቦራቶሪዎች ሥራም በብዛት ይመለሳል። ከውሳኔ በኋላ ይግባኝ የለም። ከውሳኔ በፊት ግን ለአስተያየቶቹ መልስ የምትሰጡበት አጭር ጊዜ ይኖራል፤ ቃላቱም የተገደቡ ናቸው። እዚያ ላይ «ገምጋሚው አልገባውም» አይባልም። ጥያቄውን ጠቅሳችሁ በቁጥር መልሱ።

አሁን ያላችሁን እንይ። ሦስተኛው ገምጋሚ አጻጻፉ ይከፋል፣ ነጥቡ ግን ትክክል ነው። 4 ፕሮግራም ምንም አያሳይም። ይህ በሥራ የሚስተካከል ስለሆነ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ከባዱ ሁለተኛው ነው። «አዲስነቱ ትንሽ ነው» የሚል አስተያየት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ሐሳቡ ላይ አይደለም፤ መግቢያው ላይ ነው። ለሥራችሁ በጣም የሚቀርበው የቀድሞ ጥናት የትኛው ነው? እሱ የሚሰናከልበት ቦታ የት ነው? ያንን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ውስጥ በአንድ ግራፍ ካሳያችሁ፣ አንባቢው ራሱ «ታዲያ ምን ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል። እናንተ የዚያን ጊዜ ነው ዘዴያችሁን የምታመጡት። እንግሊዝኛችሁ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሐሳብ።

ሳታስተካክሉ ለሚቀጥለው ኮንፈረንስ እንዳትልኩት። ዘርፉ ጠባብ ነው፤ ያው ገምጋሚ እንደገና ሊደርሰው ይችላል፣ ያለፈው አስተያየቱ እንዳልተነካ ካየ ይዘጋዋል። ሦስቱንም አስተያየቶች አትማችሁ፣ ከቡድኑ ጋር ቡና ጠጥታችሁ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ጎን ምን እንደምታደርጉ ጻፉ። የወደደላችሁን ገምጋሚ ቃልም አንብቡት፤ የፔፐሩ ጥንካሬ የቱ ጋ እንደሆነ እሱ ነው የነገራችሁ።

ጥያቄ፦ 3ኛ ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስ ነኝ። ላፕቶፔ 8 ጂቢ ራም ነው፣ ላብ የለንም። ፕሮሰሰር ዲዛይን እወዳለሁ። ከየት ልጀምር? — ከጎንደር፣ ቀበሌ 16

መልስ፦ ላፕቶፕህ ለመጀመሪያ ይበቃል። ዲዛይን መጻፍ ከፈለግህ በ2010 በርክሌይ የተጀመረው ሪስክ ፋይቭ የተባለው የፕሮሰሰር ኢንስትራክሽኖች መመሪያ ክፍት ነው፣ ፈቃድ አይጠይቅም፤ በቬሪሎግ (ሃርድዌር የሚጻፍበት ቋንቋ) የጻፍከውን ትንሽ ፕሮሰሰር ደግሞ ቬሪሌተር በሚባል ነጻ መሣሪያ ታስኬደዋለህ። ወደ ጥናቱ ለመግባት ግን እኔ የምመክርህ አንድ የታተመ ፔፐር መርጠህ ውጤቱን ራስህ እንድታወጣው ነው።

ጥሩ ምርጫ ልንገርህ። ሂሜኔዝና ሊን በ2001 ኤችፒሲኤ ላይ ፐርሴፕትሮን የተባለውን ቀላል የማሽን ትምህርት ዘዴ ለብራንች ግምት ተጠቅመው አቀረቡ። ብራንች ማለት ፕሮግራሙ «ይህ ከሆነ በዚህ፣ ካልሆነ በዚያ» የሚልበት መገንጠያ ነው፤ ፕሮሰሰሩ መልሱ እስኪታወቅ ቆሞ ስለማይጠብቅ ይገምታል። የእነሱ ሐሳብ የቅርብ ጊዜ ብራንቾችን ታሪክ ወስዶ ለእያንዳንዱ ክብደት መስጠት፣ መደመር፣ ድምሩ ዜሮና ከዚያ በላይ ከሆነ ይዘላል፣ በታች ከሆነ አይዘልም ማለት ነው። ግምቱ ሲሳሳት፣ ወይም ድምሩ ከተወሰነ ገደብ ሳያልፍ ሲቀር፣ ክብደቶቹ ይስተካከላሉ። በሲ ፕላስ ፕላስ በጥቂት መስመር ይጻፋል። ቻምፕሲም ውስጥ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ አንተ ግን መጀመሪያ አትየው፣ ከፔፐሩ ብቻ ተነስተህ የራስህን ጻፍ። ከዚያ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ትሬስ አስኪደህ በ1,000 ኢንስትራክሽን ስንት ጊዜ እንደተሳሳቱ አወዳድር። ቁጥሩ ካልገጠመ የታሪኩን ርዝመት፣ የሠንጠረዡን መጠንና ክብደቶቹ የሚስተካከሉበትን ገደብ አንድ በአንድ እየቀየርህ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ፈልግ። ከኢስካ ጋር ተያይዞ ዩአርክ የሚባል ለባችለር ተማሪዎችና ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ወርክሾፕ አለ፤ ማመልከቻው ሲከፈት ይህንን ሥራህን ይዘህ አመልክት። ያወጣኸውን ግራፍም ለእኛ ላክልን፤ ከተስማማህ በሚቀጥለው እትም እናትመዋለን።